ከማልን ከመምረጣችን በፊት

አዳማ ባቡር ጣቢያ ሥራ በጀመርኩበት ቀን መጀመሪያ የጫንኳት በቅሎ ሐዲዱን ሳትሻገር ጭነቷን ጣለች። ጨው ነበር። ጆንያው ተተርትሮ አቧራው ላይ ተበተነ። ጫኞቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ ከወሎ በእግሬ ስመጣ መንገዱን ሙሉ ጉልበቴን ሳወራ ነበር።

አንዲት ረዘም ያሉ ሴት ከመካከላቸው ወጥተው መጡ። እትዬ ዘነበች ይባላሉ። ባላቸው ሲሞት «በቅሎዎቹን ሽጪ» ያላቸውን ሁሉ እምቢ ብለው ራሳቸው እየነዱ የሚነግዱ፣ በዚያ መስመር ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። ኮርቻውን ገፋ አድርገው እጄን ያዙና ከሥሩ አስገቡት።

«መደላድሉ ታጥፏል። ይቆረቁርሃል?»

«አዎ፣ ይቆረቁራል።»

«እጅህን የቆረቆረ ጀርባዋን አይቆረቁራትም? አውርድና እንደገና ጫን።»

አወረድኩና እንደገና ጫንኩ። ሥራውን የተማርኩት በዚህ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው መደላድል፣ ከዚያ ኮርቻው፣ ከዚያ የግራና የቀኙን ጆንያ እኩል አድርጎ በመጫኛ ማሰር። መጫኛ የምንለው ከበሬ ቆዳ የተገመደውን ረጅም ጠፍር ነው። መጫኛው ከላላ ጭነቱ ይወድቃል፤ ከጠበቀ ደግሞ በቅሎዋ ትገጠባለች። ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ እስኪሽርላት ድረስ ባለቤቷም አብሯት ሥራ ፈት ነው።

እናንተ አሁን በዚያው መንገድ መኪና የምትነዱ ልጆች ይህን ሁሉ ላታውቁት ትችላላችሁ። በዚያን ጊዜ ባቡሩ ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ አዳማ ያራግፋል። እኛ ደግሞ በበቅሎና በአህያ ጭነን ወደ መቂ፣ ወደ ዝዋይ፣ ወደ ቡልቡላ፣ አንዳንዴም ወደ አርሲ ደጋ እናወጣዋለን። ስንመለስ ቆዳ፣ እህልና ቅቤ እንጭናለን። ታች ያለው ጫኝ ነው። ከእሱ በላይ ነጂ አለ፤ ከነጂው በላይ ባለ በቅሎ። ከሁሉም በላይ የሲራራው፣ የነጋዴው ጉዞ ሁሉ፣ አለቃ ነው።

አለቃው አቶ ደምሴ ነበሩ። ደረታቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ከባቡሩ ጡሩምባ የማያንስ ሰው ናቸው። እያንዳንዱን ኬላ፣ እያንዳንዱን መሻገሪያ ያውቃሉ። ሽፍታ እንኳ ስማቸውን ሲሰማ መንገድ ይለቃል ይባል ነበር። ይህን መካድ ነውር ነው።

ነገር ግን የመጫን ተራ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ባቡሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚጭኑት ወንድሞቻቸው ናቸው፤ ቀጥሎ አማቾቻቸው፤ ቀጥሎ የአማቾቻቸው ወዳጆች። ሌላው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ይጭናል። ማለዳ የጫነ ሰው በቀዝቃዛው ተጉዞ ጥሩ ሣር ያለበት ይሰፍራል። ቀትር ላይ የጫነ ደግሞ ከአዳማ በታች ባለው ሜዳ ይቃጠላል። በዚያ ሙቀት ስንት በቅሎ ወድቃ ቀረች! ለአቶ ደምሴ ሲነገራቸው «ደካማ በቅሎ ይዘህ ምን ልታደርግ መጣህ?» ይላሉ፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

የሲራራው አለቃ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ትልቅ ዋርካ ሥር ይመረጥ ነበር። ባለ በቅሎ ሁሉ አንዳንድ ልጓም ይዞ ይመጣና በሚፈልገው ሰው እግር ሥር ያኖራል። ምርጫ እንበለው እንጂ ልጓሙ የሚቀመጠው ሁልጊዜ አቶ ደምሴ እግር ሥር ነበር። ሌላ የሚቆም ሰው አልነበረማ!

ከማል የመጣው በዚህ መሃል ነው። የአርሲ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም አፉ ላይ እኩል ይፈሳል። የእያንዳንዳችንን በቅሎ በስሟ ይጠራል። አንድ ቀን ጣቢያው ላይ የቀትር ተራ የደረሰን ሰዎች ቆመን ስናጉረመርም አንድ የላምባ ሳጥን ላይ ወጣ።

«ዘንድሮ ዋርካው ሥር እኔም እቆማለሁ» አለ። «ከተመረጥኩ የመጫን ተራ በዕጣ ይሆናል። ዕጣውም ሁላችሁ ፊት ይወጣል። ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ እስክትድን ታርፋለች፤ ተራዋ ግን አይሻርም።»

አንዱ ጮኸ፤ ሌላውም ተከተለ። እኔ ራሴ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ባርኔጣዬን ወደ ላይ ወርውሬ የባቡሩ ጣሪያ ላይ መቅረቱን ነው። ባርኔጣዬ ወደ ድሬዳዋ ሄደ!

በዚያ ዓመት ቦራ የምትባል በቅሎ ገዝቼ ነበርና ልጓም የማኖር መብት ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘሁ። ሰውነቴ አላርፍ አለኝ። ስጭን ስለ ከማል አወራለሁ፤ ሳጠጣ ስለ ከማል አወራለሁ። መቂ ገበያ ላይ ከማላውቀው ሰው ጋር ሳይቀር ተከራከርኩ። ሁሉም እንደኔ ነበር። ጣቢያው በዓል የመጣ ይመስል ሞቅ ደመቅ አለ። አቶ ደምሴ በመካከላችን ሲያልፉ ወሬው ጭጭ ይላል፤ ራቅ ሲሉ እንደገና ይፈነዳል።

እትዬ ዘነበች ብቻ አልጮኹም። አንድ ቀን ኮርቻ ሲጠግኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስለ ዕጣው ሳወራ ቀና ብለው አዩኝ።

«ወርቁ፣ ይህ ከማል ያልከው ሰው ሞጆ ላይ ከግሪኩ ጋር ምን ያደርጋል?»

«የትኛው ግሪክ?»

«ካሚዮን ያመጣው ነዋ! አብረው ተቀምጠው ሲመካከሩ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዴ ብቻ አይደለም።»

ካሚዮኑን፣ ያንን የጭነት መኪና፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። በደረቅ መንገድ ሲያልፍ በቅሎዎቻችን ይበረግጋሉ፤ እኛ እንስቃለን። ግን የእኛ የብዙ በቅሎ ጭነት በአንድ ጊዜ ተሸክሞ እንደሚሄድ ስናስብ ሳቃችን ይቀዘቅዛል። የእኛ አለቃ ሊሆን የሚፈልግ ሰው ከካሚዮን ባለቤት ጋር ምን ያመካክረዋል?

ከማልን ጠየቅሁት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሳቀ።

«ሰው ከሰው ጋር ሻይ ይጠጣል፣ ወርቁ። ይልቅ የቦራን ቀኝ ጎን እየው፤ ኮርቻው ተጭኗታል።»

አየሁት፤ እውነትም ተጭኗት ነበር። ኮርቻውን ሳስተካክል ጥያቄዬን እንዳልመለሰልኝ ትዝ አለኝ። ቀና ስል ሄዷል።

ክረምቱ ሲገባደድ አንድ ትልቅ ጉዞ ወደ ቡልቡላ ወጣን። አቶ ደምሴ ከፊት፣ ከማል ከመካከል፣ እትዬ ዘነበችና እኔ ከኋላ ነበርን። መቂ ወንዝ ስንደርስ ካሚዮኑ መሃል ውኃ ውስጥ ተቀርቅሮ አገኘነው። በአዳማ በኩል ሰማዩ ጠርቷል፤ የጉራጌ ተራሮች ግን ጠቁረዋል። ውኃው ቡናማ ሆኖ ከፍ ከፍ ይላል። ግሪኩ ሱሪው እስከ ወገቡ ርሶ የጭነቱ አናት ላይ ቆሞ በአምስት ቋንቋ ይጮኻል።

አቶ ደምሴ በቅሎአቸውን አቆሙ። «ተዉት» አሉ። «ወንዙ የኛን ሥራ ይሥራልን።»

አንዳንዶች ሳቁ። ከማል ግን ልብሱን አውልቆ ውኃው ውስጥ ገብቶ ነበር።

«መጫኛ አምጡ! የጠነከረውን! ሰው አለበት እኮ!» ብሎ ጮኸ።

ከካሚዮኑ ኋላ የግሪኩ ረዳት ጎማውን እንደያዘ ውኃው ደረቱ ላይ ደርሷል። እግሩ ጭቃው ውስጥ ተይዟል። እሱን ሳይ ስለ ምርጫውም ስለ ጥርጣሬውም ማሰብ ተውኩ። መጫኛዬን ፈትቼ ገባሁ። ከኋላዬ ውኃው ሲንቦጫረቅ ሰምቼ ዞር ስል እትዬ ዘነበች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሁለት በቅሎ እየጎተቱ ይገባሉ። ሰው ሁሉ ተከተላቸው።

ረዳትየውን ብብቱ ሥር በመጫኛ አስረን ጎትተን አወጣነው፤ አንድ ጫማው እዚያው ቀረ። ቀጥለን ጭነቱን በበቅሎ እያመላለስን ወደ ዳር አወጣን። ካሚዮኑ ሲቀለው መጫኛዎቹን ሦስት ሦስት አድርገን ገመድናቸውና በአንድ ድምፅ «ሆ!» እያልን ሳብን። አንዴ እምቢ አለ። ሁለተኛ ስንስብ ጭቃው ለቀቀውና ሁላችንም በጀርባችን ወደቅን። እዚያው ተጋድመን ሳቅን! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጮኼ አላውቅም። አቶ ደምሴ እንኳ ዳር ላይ ሆነው «በርቱ! ወደ ግራ!» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

ግሪኩ ወጥቶ ከማል አንገት ላይ ተጠመጠመ።

«ከማል! አንተ ወንድም! መስቀል አለፈ፣ እኛ ጀመረ! እሺ?»

ከማል በፍጥነት ዙሪያውን ተመለከተ። ዓይኑ እኔ ላይ ሲያርፍ ፊቱ ተለወጠ።

ቡልቡላ ደርሰን ካራገፍን በኋላ እትዬ ዘነበችና እኔ ከግራር ጥላ ሥር አገኘነው። እትዬ ዘነበች ዙሪያ ጥምጥም አያውቁም።

«ከመስቀል በኋላ የምትጀምሩት ምንድን ነው?»

ከማል ሁሉንም ተናገረ። ከግሪኩ ጋር ተስማምቷል። ከአዳማ እስከ መቂ ያለው ጭነት ለካሚዮኑ ይለቀቃል። ከመቂ ወዲያ፣ ወደ ሐይቆቹ ዳርና ወደ አርሲ ደጋ ያለውን ግሪኩ በእኛ በቅሎ ብቻ ያስጭናል፤ የሌላ ሰው በቅሎ አያስገባም።

«ካሚዮኑ ተመረጥኩም አልተመረጥኩም ይመጣል» አለ። «ሳንስማማ ከመጣ መንገዱን ሁሉ ይወስደዋል። ግማሹን ላድን ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ደበቅኸን?» አልኩት።

«አሁን ብናገር ማን ይመርጠኛል? ከተመረጥኩ በኋላ ቀስ ብዬ አስረዳችኋለሁ።»

እትዬ ዘነበች ፈገግ አሉ፤ ደስ የሚል ፈገግታ አልነበረም። ከበቅሎዎቻቸው ገሚሶቹ አርጅተዋል፤ ከመቂ ማለፍ አይችሉም። በአጭሩ መንገድ ብቻ የሚተዳደር ሰውም ብዙ ነበር።

«የሸጥከው የእኔን መንገድ ነው» አሉት። «እኔ አልናገርብህም። አንተው ዋርካው ሥር ቆመህ ንገራቸው።»

ከማል መሬት መሬት እያየ «እባካችሁ፣ መስቀል እስኪያልፍ» አለ።

በመልሱ መንገድ ሁለት ሰው ሆንኩ። አንዱ «ዝም በል፣ አለዚያ አቶ ደምሴ ሌላ ዓመት ሊነዱን ነው» ይለኛል። ሌላው «ዛሬ የደበቀህ ነገ ምን ይደብቅህ ይሆን?» ይላል። በዚያ ላይ ወንዙ ውስጥ መጀመሪያ የገባው እሱ መሆኑ ከዓይኔ አይጠፋም። ለሰው ብሎ ነው ለግሪኩ ብሎ? ሁለቱም ይሆናል። ይህን ሰው ወድጄው ተጠራጠርኩት፤ እየተጠራጠርኩትም መውደዴን መተው አቃተኝ።

መስቀል አለፈ፤ ቀኑ ደረሰ። ዋርካው ሥር የተሰበሰበውን ሰው ያህል ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ከሞጆም ከመቂም መጥተዋል። አቶ ደምሴ በአንድ በኩል፣ ከማል በሌላ በኩል ቆሙ። አቶ ደምሴ አጭር ተናገሩ፦ «ታውቁኛላችሁ» አሉና ዝም አሉ።

ከማል በሁለቱም ቋንቋ ተናገረ። ስለ ዕጣው፣ ስለ ቆሰሉት በቅሎዎች፣ ስለ ሙቀቱ። ሰዉ ተነቃነቀ። ስለ ካሚዮኑ አንድ ቃል አላነሳም። ልጓሙ እግሩ ሥር መከመር ጀመረ። ክምሩ ሲያድግ ጩኸቱም አብሮ አደገ።

ተራዬ ደረሰ። የቦራን ልጓም ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

«ወርቁ፣ አኑረው እንጂ!» አለኝ አንዱ ከኋላ።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ» አልኩ፤ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። «ከማል፣ ከግሪኩ ጋር የተስማማኸውን ለሁላችንም ንገረን። ነግረኸን ልምረጥህ።»

የመቂዎቹ በኦሮምኛ «ዱጋ! ዱጋ!» እያሉ ጮኹ፤ እውነቱን አውጣ ማለታቸው ነው። ከማል ዓይኔን አየኝ። የሚጠላኝ መሰለኝ። ከዚያ ለእኛ ቡልቡላ የነገረንን አንድም ሳያስቀር ተናገረ።

የተነሳው ሁከት ለጉድ ነበር። «ሸጠን!» የሚል አለ፤ «ልክ ነው!» የሚል አለ። ልጓማቸውን ከክምሩ እየፈለጉ የሚያነሱ ሰዎች እርስ በርስ ተጋፉ። አቶ ደምሴ እጃቸውን አነሱ።

«ሰማችሁ? እኔ ተራ አበላልጬ ይሆናል። መንገዳችሁን ግን ሸጬ አላውቅም!»

«አቶ ደምሴ፣ እርስዎስ ካሚዮኑ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?» አላቸው ከማል።

«ወንዙ ይወስደዋል።»

«ባለፈው ክረምት እንኳ እኛው ራሳችን አወጣነው» አለ ከማል። አንዳንድ ሰው ሳይወድ ሳቀ።

በዚህ መሃል እትዬ ዘነበች ወደ ፊት መጡ። ልጓማቸው ትከሻቸው ላይ ነው።

«ከማል፣ ይህ ካሚዮን መቂ ካራገፈ በኋላ ባዶውን ነው የሚመለሰው?»

«አይ፣ ቆዳና እህል ይጭናል።»

«ቆዳውንና እህሉን ከየገጠሩ መቂ ድረስ ማን ያመጣለታል?»

«እሱን አላሰብኩትም» አለ ከማል።

«አላሰብከውም፤ ብቻህን ነዋ ያሰብከው! ያረጁት በቅሎዎች ከመቂ አያልፉም እንጂ በመቂ ዙሪያ መዞር ይችላሉ። ግሪኩ ያንንም ከእኛ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ። እምቢ ካለ ደግሞ ብቻህን አትስማማ፤ እዚህ መጥተህ ንገረንና አብረን እንወስናለን። ከዛሬ ጀምሮ አለቃ ሆኖ የሚስማማ ሰው መጀመሪያ ለእኛ ይንገር። ትምላለህ?»

«ወላሂ» አለ ከማል። ፊቱ በላብ ርሷል።

እትዬ ዘነበች ልጓማቸውን እግሩ ሥር ጣሉት። የሳቸው መንገድ ነበር የተሸጠው፤ እሳቸው ካኖሩ ሌላው ምን ይላል? እኔም አኖርኩ። ልጓማቸውን ካነሱት ብዙዎቹ ተመልሰው አኖሩ፤ ጥቂቶች ግን ወደ አቶ ደምሴ ሄዱና እዚያው ቀሩ። ክምሩ መቁጠር ሳያስፈልገው የከማል በለጠ። ሆታው ከተማው ድረስ ተሰማ ይባላል። ከማል ወደ እኔ መጥቶ አንገቴን ያዘኝ።

«ልትገድለኝ ነበር» አለኝ።

«አንተ ነህ እንጂ!» አልኩት። ሁለታችንም እየሳቅን ዓይናችን እንባ አቀረረ።

ግሪኩ የእትዬ ዘነበችን ሐሳብ ተጨቃጭቆ ተቀበለ፤ መቂ ላይ ጭነት የሚሰበስብለት ሌላ ሰው አልነበረውም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን መንገዱ ሲደርቅ ስምምነቱን ጥሶ ካሚዮኑን እስከ ዝዋይ ነዳ። ከማል በማግሥቱ ዋርካው ሥር ጠራንና ነገሩን እንዳለ ነገረን። መክረን መቂ ላይ ቆዳና እህል መጫን አቆምን። ካሚዮኑ ባዶውን ተመላለሰ። ብዙም ሳይቆይ ግሪኩ ራሱ ዋርካው ሥር መጥቶ በተሰባበረ አማርኛው ይቅርታ ጠየቀን። ሲናገር እትዬ ዘነበች አማርኛውን ያርሙለት ነበር።

አቶ ደምሴ በበቅሎዎቻቸው እንደማንኛችንም ዕጣ እያወጡ መጫናቸውን ቀጠሉ። አንድ ማለዳ የመጀመሪያው ዕጣ ለሳቸው ወጣ። ቆመው ሲጭኑ አየኋቸውና «እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው።

«በዕጣ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣዕም አለው» አሉኝ፤ ወዲያው ፊታቸውን አዙረው መጫኛቸውን ማጥበቅ ያዙ።

ከማል ጦርነቱ እስኪመጣና ሲራራው እስኪበተን ድረስ አለቃችን ነበር። በየመስቀሉ ይጠየቃል። አንዳንዴ ይቆጣል፤ ቢሆንም ይመልሳል። ጥያቄው እየበዛ ሲመጣ እሱም ሳይጠየቅ አስቀድሞ መናገር ለመደ። ጥሩ አለቃ ነበር።

ከዚያ ሥራ የተማርኩት ይህ ነው። የምትመርጡትን ሰው ከመምረጣችሁ በፊት ጠይቁት። ብትወዱትም ጠይቁት። ከተመረጠ በኋላ ሥራ ይበዛበታል።